የእንዶድ አረፋ

(በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለአካባቢው ነዋሪ በቅዳሜ ከሰዓት የቀረበ ንግግር)



ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶች ይህችን ጠርሙስ እያያችሁ ስትጠቃቀሱ አይቻችኋለሁ። ገብቷችኋል ማለት ነው። ከኋላ ያላችሁት ወጣቶች ደግሞ ቅራሪ ነው ወይስ ብርዝ እያላችሁ ትከራከራላችሁ። ሁለቱም አይደለም። ትናንት ማታ አንድ እፍኝ የደረቀ ፍሬ በሙቀጫ ወቅጬ፣ ውሃ አፍስሼበት አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት በጨርቅ አጥልዬ እዚህ ጨመርኩት። አሁን ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ እንዲህ እወዘውዘዋለሁ። አያችሁ? አረፋው አንገቱ ድረስ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው። ለስላሳ መጠጥ ብትወዘውዙ አረፋው ወዲያው ይከስማል፤ ይሄኛው እኔ ንግግሬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እናንተ ትጠብቁኝ እንደሆነ አላውቅም።

እንዶድ ነው። እዚህ አካባቢ ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን ሃንዶዴ ይሉታል፤ ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ ይለዋል። ይህ በእጄ ያለው ቅርንጫፍ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ካለ አንድ የድሮ አጥር ላይ የተቆረጠ ነው። የአጥሩን ባለቤት ስጠይቃቸው «ምን ያደርግልሃል? ልታስነቅልልኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። እንዶድ ራሱን ችሎ መቆም ብዙም አይሆንለትም። ዛፍ ካገኘ ዛፉን ተደግፎ ይወጣል፣ አጥር ካገኘ አጥሩን ይለብሳል፣ የሚደገፈው ካጣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ቁጥቋጦ ይሆናል። የሚወደው የጫካ ዳር፣ የወንዝ ዳርና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ከደጋ እስከ ወይና ደጋ ይገኛል።

ፍሬውን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ፤ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ ብትወጡ እንኳ የፍሬውን መልክ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ግን ቀጠን፣ ረዘም ያለ ዘለላ ነው። ከዘለላው አንዷን ነጥላችሁ ከአናቷ በኩል ተመልከቷት። ድቡልቡል አይደለችም። ጎድጎድ ባለ መስመር የተከፋፈለች፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጉብ ያላት ናት፤ ልጣጯ የተላጠ ትንሽዬ መንደሪን ትመስላለች። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንዲት ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ ዘር አለች። ፍሬዋ ጥሬ ሳለች አረንጓዴ ናት፤ ስትበስል ወደ ብርቱካንማና ወደ ቀይ ትለወጣለች። ያን ጊዜ ወፎች ይበሏታል፤ ዘሯንም አጥር ለአጥር እየዞሩ የሚዘሩት እነሱ ናቸው። ወፍ በላችው ማለት ሰው ይበላዋል ማለት አይደለም። ይህን የምለው ከኋላ ለተቀመጣችሁት ልጆች ነው።

ከእንቆቆ ጋር የሚያሳስቱት አሉ። እንቆቆም ቀይ፣ ትንንሽ፣ በዘለላ የሚያፈራ ነው፤ ለኮሶ ትል የሚወሰድ የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ ሰው ይዳፈረዋል። የእንቆቆ ፍሬ ግን ክብ ነው፤ ጉብ የለውም። እምቧይን ማንም አያሳስትም፤ ትልቅ፣ ክብ፣ ሲበስል ቢጫ ነው። ክብ በመሆኑም ነው «የእምቧይ ካብ» የምንለው፤ ተክቦ አይቆምምና። እንዶድን ካብ ለማድረግ የሞከረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ነው። «ዶዴካንድራ» የሚለው ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አሥራ ሁለት ወንድ ያለው» እንደማለት ነው፤ አበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ዘንጎች ቆጥረው ያወጡለት ነው። ደግሞም እንዶድ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ ነው። ግቢያችሁ ያለው እንዶድ በየዓመቱ እያበበ ፍሬ የማይዝላችሁ ከሆነ መሬቱን አትውቀሱት፤ ወንዴ ይሆናል።

አሁን ወደ አረፋው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ልብስ ማጠብ ማለት ወንዝ መውረድ ነበር። እናቴ እንዶዱን የምትሰበስበው ቀይ ሳይሆን ገና አረንጓዴ እያለ፣ ልክ ሊበስል ሲል ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት «የበሰለው አያነጣም» ትለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የምርምር ጽሑፍ ሳነብ ያው ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ተጽፎ አገኘሁት፤ የሚያረፋው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ሙሉ ባደገ ግን ባልበሰለ ፍሬ ውስጥ ነው። እናቴ ፍሬውን ጸሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ሲደርቅ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። ያን ጊዜ እኔን ከአጠገቧ ታባርረኛለች። አንድ ቀን አልባረርም ብዬ ቆሜ አቧራው ዓይኔ ገባ። ዓይኔ ቀኑን ሙሉ አልተገለጠም፤ አፍንጫዬ ደግሞ ሲያስነጥሰኝ ዋለ። እንዶድ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያስተማረኝ ያ ቀን ነው።

ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ጥለቱ አይለቅም፣ ጥጡም አይጎዳም ይላሉ እናቶች። ኦሞና በረኪና ከመጣ ወዲህ ግን በከተማችን ማን ይወቅጣል? እኔም ብሆን ይህን ሸሚዝ በኦሞ ነው ያጠብኩት።

ሳሙና የሚያጸዳው እንዴት ነው? እያንዳንዷ የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ጫፏ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። በቅባት ጫፏ እድፉን ትይዛለች፣ በውሃ ጫፏ ከውሃው ጋር ትሄዳለች፤ እድፉም ተከትሏት ይሄዳል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። «ሳፖ» በላቲን ሳሙና ነው። እሱም እንዲሁ ሁለት ጫፍ አለው። እስከዚህ ድረስ ሰላማዊ ነገር ነው።

ነገር ግን ቅባት ያለው እድፍ ላይ ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ቆዳ ከቅባት የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ኮሌስትሮል አለበት። ሳፖኒን ከዚያ ኮሌስትሮል ጋር ይጣበቅና ሽፋኑን ይበሳዋል። ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ቢደርስ ሕዋሱ ይፈነዳል። የዓሣ ስንጥብ ላይ ቢደርስ ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል። ቀንድ አውጣን ደግሞ ወዲያውኑ ያኮማትራታል። እድፉን የሚያስለቅቀውና ነፍስ የሚያጠፋው አንድ ሥራ ነው። ሰዎች ሲጠይቁኝ «መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» ይሉኛል። እንዶድ ሁለት ጠባይ ያለው አይመስለኝም፤ ያለው ጠባይ አንድ ነው፣ የሚለየው የሚያርፍበት ቦታ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ፍሬው ሙሉውን ሳለ ሳፖኒኑ ያን ያህል ኃይለኛ አይደለም። ቅንጣቷ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ታስራ ትቀመጣለች። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ይነሳና አንደኛውን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ኃይለኛው ሳፖኒን የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። እናቶቻችን ወቅጠው በውሃ የሚያቆዩት እንዲያው በልማድ ብቻ አልነበረም። ሳያውቁት ሙቀጫ ውስጥ ኬሚስትሪ ይሠሩ ነበር። ወይም ያውቁት ነበር፤ በእኛ ቋንቋ አልጻፉትም እንጂ።

ወደ አድዋ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ጅጅጋ የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ገና መመለሳቸው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም። አድዋ የሄዱት ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት ነው። ብልሃርዝያ የትል በሽታ ነው። ትሏ በሰው የደም ሥር ውስጥ ዓመታት ትኖራለች፣ እንቁላሏ ከዓይነ ምድር ወይም እንደ ትሏ ዓይነት ከሽንት ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለውም ቀንድ አውጣ ፍለጋ ይዋኛል። የሚገባባት ቀንድ አውጣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ካገኘ ግን በእሷ ሆድ ውስጥ ይባዛና በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ሳይሰማቸው በቆዳቸው ይገባል። ሆድ ይነፋል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ልጅ ትምህርት ላይ ይደክማል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሏን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ያለ ቀንድ አውጣዋ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር ያስተውላሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተዋል፤ ከላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከላይኛው ውሃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በባልዲ ያመጡና ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ይጠይቃሉ። ትጨምራለች። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በነገርኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ ማን አገኘው? እነሱም «ዶክተር አክሊሉ» ይላሉ። ልክ ነው። ግን ባልዲው ውስጥ አረፋውን የጨመረችው ሴትዮዋ ናት። ስሟን አላገኘሁም፤ ቢጻፍ ኖሮ ደስ ባለኝ። የሳይንቲስቱ ትልቅነት፣ በእኔ ግምት፣ የተማሩትን ተምረው መጥተው ከልብስ አጣቢ አጠገብ ቁጢጥ ማለታቸው ነው። ያን ወንዝ ስንት ሰው ተሻግሮታል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ግኝታቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም እንዲመሠረት አደረጉ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ንጥረ ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ዋናው ሙከራ በአድዋ ተካሄደ። የከተማዋ ወንዞች በየጊዜው በእንዶድ ይታከሙ ጀመር። በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በብልሃርዝያ የሚያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። ለምን ሕፃናቱን አነሳሁ? ትልልቆቹ ዘንድ ያለችው ትል የቆየች ናት፤ ቀንድ አውጣው ዛሬ ቢያልቅ እንኳ እሷ ለዓመታት ትቆያለች። ወንዙ መጽዳቱን የሚመሰክረው ገና ወደ ውሃው መውረድ የጀመረው ልጅ ነው።

ይህ ከሆነ ታዲያ ለምን ዛሬ በየወንዙ እንዶድ አናይም? የምትጠብቁት ጥያቄ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ።

በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል ገበያ ላይ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ፣ ለድሃ አገር የማይቀመስ ዋጋ ያለው። እንዶድ በዓለም ደረጃ እንዲፈቀድ ግን በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በታወቀ ቤተ ሙከራ መመርመር ነበረበት። ያ ምርመራ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ማን ይክፈል? ፋብሪካ የሚከፍለው ብቻውን የሚሸጠው ነገር ሲሆን ነው፤ በየአጥሩ በሚበቅል ተክል ላይ ማን ያተርፋል? ነገሩ ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ለምርመራው ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉ በየመድረኩ ይናገሩት የነበረው ምሬት፣ ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት ዳግመኛ ውጭ ካልታየ አይታመንም የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው በጥቂቱ እለያለሁ። «ነጮቹ ከለከሉን» ብለን ብቻ ካለፍን እውነቱን ግማሹን ነው የያዝነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ክፋት አልነበሩም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው መጠን ዓሣም ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው፣ መጠየቅም ነበረበት። በጎ ጎኑ እንዶድ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንደ አንዳንዱ ኬሚካል ለብዙ ጊዜ አይቆይም። ሌላው ችግር የቦታ ነው። እንዶድ የሚደላው ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን በሽታው የሚበረታው ሞቅ ባለው አገር ነው፤ ፍሬው መለቀም፣ መድረቅ፣ መጓዝ አለበት። ይህን የመትከልና የማጓጓዝ ሥራ ማንም ውጭ ሆኖ አልከለከለንም።

እንዲያውም የመትከሉን ሥራ የጀመሩ ነበሩ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡ አንዱን ከአንዱ አወዳደሩ። ፍሬው ብዙ የቱ ነው? አረፋው ብርቱ የቱ ነው? ተባይ የማይደፍረው የቱ ነው? ከሁሉ የተሻለው «ዓይነት 44» ተብሎ ተመዘገበ። ገበሬ ጤፍ እንደሚመርጥ ነው የመረጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ በአንድነት ስዊድን ውስጥ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» ይሉታል። ስንቶቻችን የሁለተኛውን ስም እናውቃለን? እጅ አታውጡ፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ደግሞ ታሪኩ ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ አሜሪካ በሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ሄዱ። ቶሌዶ በታላላቆቹ ሐይቆች ዳር ያለች ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ከምሥራቅ አውሮፓ አካባቢ በመርከብ ውሃ ውስጥ ተደብቃ የገባች፣ እንደ ሜዳ አህያ ዥጉርጉር የሆነች ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረት ሐይቆቹን ሞልታቸው ነበር። የከተሞችን የመጠጥ ውሃ ቧንቧ፣ የኃይል ማመንጫዎችን መሳቢያ ትደፍናለች። እንግዳው ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት ትችላላችሁ። እንዶድ ተሞከረ፤ ገደላት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብቱ ተመዘገበ፣ የመብቱም ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ንጹሕ ስርቆት ነው አልልም። ነገር ግን የአድዋዋ ልብስ አጣቢ በየትኛው መስመር ላይ ተጻፈች? በዓለም ላይ ስለ አገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት ክርክር ሲነሳ እንዶድ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ፤ ከዚያ በፊት ጣሊያን ፍሎረንስ በዩኒሴፍ የሕፃናት ምርምር ማዕከል ሠርተዋል።

ብልሃርዝያ ግን አላረፈም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል አለ፤ ለተማሪዎች በገፍ ይታደላል፣ ትሏን ይገድላል። ልጁ ግን ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ወደዚያው ውሃ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ቀንድ አውጣን ስለ መቆጣጠር የመስክ መመሪያ እንደገና ያወጣው እንክብል ብቻውን እንዳልበቃ ስለታየ ነው።

«ይህ ሁሉ የአድዋ ወሬ ለአቃቂ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ከዚህ አዳራሽ በስተጀርባ ያለውን ውሃ አስቡት። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ቆቃ ይገባል፣ ወንጂን ያልፋል፣ መተሐራ ይደርሳል። ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ አገዳ መስኖ ያለባቸው፣ ብልሃርዝያ ሲያጠቃቸው የኖሩ ቦታዎች ናቸው። የእኛ ሰፈር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ለቀንድ አውጣዋ ብዙም አይመቻትም፤ በዚህ እድለኞች ነን። የእኛ ችግር ሌላ ነው። የትንሹን አቃቂ ቀለም በቃሊቲ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። በአንዳንድ ቦታ ቀንድ አውጣ ለመግደል እንዶድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ፋብሪካና ቆሻሻ ያለ ደመወዝ እየሠሩልን ነው። እዚያው ዳር ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል። ግን ይህ የሌላ ቅዳሜ ንግግር ነው።

አሁን አካፋን አካፋ ልበል። ጥቂት የሚያሳፍር ነገር ስለምናገር ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እናቶቼ።

እንዶድን የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ለኮሶ ትል፣ ለጨብጥ፣ ለእብድ ውሻ በሽታ እያሉ ይጠጡታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽንስ ለማውረድ ብለው ይጠጡታል፤ ሥሩን ይቀቅላሉ፣ ፍሬውን ይወቅጣሉ። እስካሁን ያልኳችሁን ሕዋስ ስለመብሳት አስታውሱ። ያ ሥራ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን በሰው አንጀት ውስጥ ሲሠራ ምን ይሆናል? ማስመለስ፣ ከባድ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ መዛል፤ ከበዛም ሞት። ለአንዷ ያልጎዳት መጠን ሌላዋን ይገድላል፤ የዚህ ተክል ፍሬና የዚያኛው አንድ አይደለም፣ የጥሬውና የበሰለው አንድ አይደለም፣ የተወቀጠውና ያልተወቀጠው አንድ እንዳልሆነ ነግሬአችኋለሁ። ስለዚህ «አንድ ማንኪያ ብቻ» የሚል ምክር ምክር አይደለም። ልጃችሁ፣ የቤት ሠራተኛችሁ፣ ጎረቤታችሁ ጠጥታ ብታገኟት አትቆጧት፣ በግድ አታስመልሷት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ምን እንደጠጣች አትደብቁ፤ ቢቻል ቅርንጫፉን ይዛችሁ ሂዱ። አስታማሚ አፍሮ ዝም ያለው ሰዓት ብዙ ነገር ያበላሻል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ እጠቡት፤ እኔ ያን ጊዜ በመዳፌ ሳሸው ዋልኩ፣ ያባሰውም ማሸቱ ነው።

ሌላም ልጨምር። የዛሬውን ንግግር ሰምቶ አንድ ጆንያ እንዶድ ወቅጦ አባ ሳሙኤል ውስጥ የሚደፋ ጀግና እንዳይነሳ። ዓሣ ይገድላል ብያለሁ።

ታዲያ እንንቀለው ወይ? ልጆች ባሉበት ግቢ ፍሬው እጅ በሚደርስበት ቦታ አይኑር፤ ይህን እኔም እላለሁ። ቂሊንጦ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ስንት የድሮ አጥር እንደተነቀለ አይታችኋል። ከነዚያ አጥሮች ጋር እንዶዱም ሄደ። በድሮ አጥር ላይ የቀረው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ያለው፣ በወንዙ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ግን ይቆይ። ዶክተር ለገሰ ዓይነት 44ን ያገኙት ከየአገሩ እየሰበሰቡ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያሉት ሰውዬም አጥራቸውን እስከ ሰኞ እንደማያስነቅሉ ቃል ሰጥተውኛል። ከሰኞ በኋላ ደግሞ እንነጋገራለን ብለዋል።

አሁን ሰዓት ይዛችሁ የነበራችሁ ጠርሙሱን እዩልኝ። አንገቱ ድረስ የነበረው አረፋ ትንሽ ወርዷል፤ ግን ገና ሁለት ጣት ያህል አለ። ወደ ኋላ አሳልፉት፤ ክዳኑን ግን ማንም አይክፈት። ቅርንጫፉንም መንካት የምትፈልጉ ንኩት፣ አምስቱን ጉብ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነኩ በር ላይ ባለው ቧንቧ እጃችሁን ታጠቡ። ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ውሃ አለው።